የአደራ መሬት

እስቲ ቀረብ በሉ። የማወራችሁ ተረት አይደለም። ተረት ቢሆን ኖሮ «ተረት ተረት» ስላችሁ «የመሠረት» ብላችሁ ትቀበሉኝና፣ ክፉው ተቀጥቶ የተበደለው ተክሶ በሰላም እንለያይ ነበር። ይህኛው የሆነ ነገር ነው፤ ዛሬም አላለቀም። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ መዝገቡ የተጻፈው በዚያ ነውና።

የሆነውም ሩቅ አይደለም። ከአፋር ተነሥቶ ዝዋይን፣ ሐዋሳን፣ ዓባያንና ጫሞን እየነካ የሚወርደው የእኛው ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ገብቶ ቱርካናን ሲያልፍ፣ ከናኩሩ ከተማ በስተሰሜን፣ ባሪንጎ በሚባለው ምድር አንድ ጠባብና ረጅም ሐይቅ ያገኛል። ቦጎሪያ ይሉታል። ውሃው ጨው ነው፤ ሰው አይጠጣውም፣ ዓሣም አይኖርበትም። በምዕራብ ዳርቻው ፍልውሃው ከመሬት እየተስፈነጠረ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ፍላሚንጎ የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች በመቶ ሺህ እየሆኑ ሲሰፍሩበት ዳር ዳሩ ሮዝ ይሆናል። ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው ይህን ለማየት ነው።

የኤንዶሮይስ ሕዝብ ግን ወደዚያ ውሃ ሲመለከት የሚያየው አያቶቹን ነው። እንዲህ ይላሉ፦ የሁሉም አባት ዶሪዮስ ከሰማይ ወርዶ ሞቾንጎይ በሚባለው ጫካ ሰፈረ። ልጆቹ በዙ፤ ኑሮ ተመቻቸው፤ ጥጋብም ልካቸውን አሳታቸው። ያን ጊዜ ፈጣሪ ተቆጣና በአንድ ሌሊት መሬቷን አሰመጣት። መንደር በነበረበት ቦታ ሐይቅ ሆነ። የዛሬዎቹ ኤንዶሮይሶች ከዚያ ሌሊት የተረፉት ቤተሰቦች ዘር ነን ይላሉ። ስለዚህ አንድ ኤንዶሮይስ የትም ይሙት፣ የትም ይቀበር፣ መንፈሱ የሚኖረው በሐይቁ ውስጥ ነው ብለው ያምናሉ። ወቅት ጠብቆ ውሃው ሲቀላና ፍልውሃው ጠንከር ያለ ሽታ ሲያወጣ፣ የሰመጡትን አያቶች ለማስታረቅ ዳርቻው ላይ ተሰብስበው ሥርዓታቸውን ያደርሳሉ። ልጅ ለአቅመ አዳም የሚበቃበት ሥርዓት፣ ጸሎቱ፣ የመድኃኒት ቅጠሉ ሁሉ ከዚሁ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን ያዙልኝ። ኋላ ዳኞች ፊት ሲቀርብ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ኑሯቸው ከብት ነው። ዝናብ ሲጥል ከብቱን ወደ ሐይቁ ዙሪያ ያወርዱታል፤ እዚያ ሣር አለ፣ ከብቱ የሚልሰው እኛ ቦሌ የምንለው ጨዋማ አፈርም አለ። ሲደርቅ ደግሞ ወደ ሞቾንጎይ ጫካ ይወጣሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። ከብት አርቢ የሆነ ሁሉ፣ ቦረናም ይሁን አፋር፣ ለዚህ ማብራሪያ አይፈልግም። የዝናቡን ወራት ግጦሽ ከበጋው ነጥለህ የወሰድክበት ሰው ግማሽ መሬት ቀረልኝ አይልም፤ ምንም አልቀረለትም።

ለዚህ ምድር ወረቀት አልነበራቸውም። ማን ሊሰጣቸው? እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ ለሙን ደጋ ለነጭ ሰፋሪ አከፋፈሉ፤ የተረፈውን የአገሬው ሰው መኖሪያ ብለው ከለሉት እንጂ ለነዋሪው የባለቤትነት ደብተር አልሰጡትም። በ1963 ነጻነት መጣ። አዲሱም ሕግ እንዲህ ያለውን ምድር የአደራ መሬት አለው። ትርጓሜው ሲሰሙት ደስ ይላል፦ የአካባቢው ምክር ቤት መሬቱን በስሙ ይይዘዋል፤ የሚይዘው ግን ለራሱ ሳይሆን በላዩ ለሚኖረው ሕዝብ ጥቅም ነው። ምክር ቤቱ ባለአደራ፣ ሕዝቡ ባለርስት። ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ቀዳዳ ነበረ። መንግሥት ወይም ምክር ቤቱ «ይህን መሬት ለሌላ ተግባር ለይቼዋለሁ» ሲል የነዋሪው መብት በዚያው ያበቃል፤ የሚተርፈው የካሳ ጥያቄ ብቻ ነው። ባለአደራው አደራውን እንዲበላ በሕግ ተፈቅዶለታል ማለት ነው።

ያም ቀን መጣ። በኖቬምበር 1973 በኬንያ መንግሥት ጋዜጣ ላይ አጭር ማስታወቂያ ወጣ፤ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ምድር የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል ሆኗል ይላል። የክልሉ ስም «ሐይቅ ሐኒንግተን» ነበር። ሐኒንግተን እንግሊዛዊ ጳጳስ ነው፤ በ1885 ወደ ዩጋንዳ ሲጓዝ በዚያ በኩል አለፈ፣ በዚያው ዓመት በመንገዱ ተገደለ፣ ሐይቁ ግን በካርታ ላይ ስሙን ይዞ ቀረ። በዓመቱ በ1974 ስሙ ተለወጠና ቦጎሪያ ተባለ። ስሙ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ መሬቱ አልተመለሰም። በ1978 ሌላ ማስታወቂያ ተከተለ፤ ኤንዶሮይሶች ከሐይቁም ከዳርቻውም ታገዱ።

እስቲ ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው የወጣው በጋዜጣ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው። ከብቱን እየነዳ የሚኖር ሰው ይህን ጋዜጣ ከየት አግኝቶ ያነበዋል? ወሬውን የሰሙት ሲከለከሉ ነው። ያን ጊዜ ለሽማግሌዎቹ ብዙ ነገር ተነገራቸው። 400 ቤተሰቦች በምትኩ ለም መሬት ይሰጣቸዋል ተባለ። ከጎብኚ ከሚገኘው ገቢ 25 በመቶ ለማኅበረሰቡ ይሆናል ተባለ። ከሚከፈተው ሥራ 85 በመቶው ለልጆቻቸው ነው ተባለ። የከብት መንከሪያና የንጹሕ ውሃ ግድብ ይሠራላችኋል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ቁጥሩን በልባቸው ያዙት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ሲጠየቁ አንድ በአንድ የዘረዘሩት ይህንኑ ነው።

ሕዝቡ ወደ ደረቁ ምድር ተገፋ። ሣሩ ቀጭጯል፣ ቦሌው ቀርቷል፣ ውሃው ሩቅ ነው። ከብቱ ማለቅ ያዘ። ከብት ለገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ጥሎሹ፣ ደም ማድረቂያው፣ ለልጅ የሚሰጠው ወተት፣ ሰውየው በጎረቤቱ ዘንድ የሚከበርበት ሁሉ እሱ ነው። ላሟ ስትሞት ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

በ1981 ደግሞ ናይሮቢ ላይ ትልቅ ጉባኤ ሆነ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርን አጸደቁ። አስተናጋጁ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ነበሩ፤ የባሪንጎ ሰው፣ የኤንዶሮይሶች ጎረቤት። ቻርተሩ ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብም መብት አለው ይላል፤ በሀብቱ የማዘዝ መብት፣ እስከዚያ ዘመን በየትኛውም አስገዳጅ ውል ያልተጻፈውም የመልማት መብት። በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው በ1986 ባሪንጎ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ተከፈለ። ከ400ው ቤተሰብ 170ው ተጠርተው ለእያንዳንዳቸው 3,150 የኬንያ ሽልንግ ተሰጣቸው።  ሌሎቹ 230 ቤተሰቦች እሱንም አላገኙም። ለአያት ርስት፣ ለመቃብርና ለመጸለያ ሥፍራ፣ ለግጦሽና ለቦሌ፣ ለአንድ ቤተሰብ 3,150 ሽልንግ! ገንዘቡም የርስቱ ካሳ እንዳልነበረ፣ ከቦታ ቦታ ለመዛወሪያ የተሰጠ እርዳታ እንደነበረ ኋላ ተነገራቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እርዳታና ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለዕዳ ሲከፍል ተቀባዩ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀበላል፣ ካነሰውም «ጎደለ» ይላል። እርዳታ ሲሆን ግን ምስጋና ይጠበቅበታል፤ ለምን አነሰ ማለት ነውር ይሆናል። መንግሥት ዕዳውን እርዳታ ብሎ ሲሰይመው የወሰደው መሬቱን ብቻ አይደለም፤ የመጠየቅ መብቱንም ጭምር ነው።

ኤንዶሮይሶች ግን መጠየቁን አልተዉም። ይህን ጥያቄ ይዘው አዋቂዎቻቸው ያቋቋሙት ማኅበር የኤንዶሮይስ ደኅንነት ምክር ቤት ይባላል። በዲሴምበር 1994 በሐይቁ አጠገብ ባለ ሆቴል ከፕሬዚዳንት ሞይ ጋር ተገናኙና አቤት አሉ። ፕሬዚዳንቱ ሰሟቸው። የ1973ቱ ቃል ይከበር፣ ከገቢው 25 በመቶው ለማኅበረሰቡ ሥራ ይዋል ብለው ለአካባቢው ባለሥልጣናት አዘዙ። ዓመት አለፈ፤ ምንም የለም። ማኅበረሰቡ እንዳልተፈጸመ አስታወቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ደግመው አዘዙ። አሁንም ምንም የለም። በዚያ ዘመን የፕሬዚዳንት ሞይ ትእዛዝ በኬንያ ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ የሚገርም ነው። የአገሩ መሪ ሁለት ጊዜ አዞም ካልሆነ፣ በሰው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነገር የትም እንደማይደርስ ገባቸውና ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤት አዞሩ።

ናኩሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገቡ። የከሰሱት ባለአደራውን፣ የአካባቢውን ምክር ቤቶች ነው። በኤፕሪል 2002 ክሱ ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ መሬቱ በሕጉ መሠረት ለጥብቅ ክልል ተለይቷል፣ ካሳ ማግኛ መንገድም ነበራችሁ አለ። አንድ ማኅበረሰብ እንደ ማኅበረሰብ፣ በታሪክ ስለኖረበትና በባህሉ ስለተሳሰረበት ብቻ በመሬት ላይ የተለየ ጥበቃ ይኑረው የሚለውን ጥያቄ የኬንያ ሕግ አያስተናግደውም ብሎ በሩን ዘጋ። ለከሳሾቹ የተነገራቸው በአጭሩ «እንደ ሕዝብ አናውቃችሁም» ነው።

በዚያው በ2002 ደግሞ ሌላ መዓት መጣ። ምድራቸው ላይ ሩቢ የሚባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ አለ ተባለና ለግል ኩባንያ የማዕድን ፈቃድ ተሰጠ። መንገድ ተጠረገ። የአካባቢው ወንዝ ውሃ ሊበከል ነው፤ የሚጠጣው ሰውም ከብትም ያው ነው። ለአራዊትና ለተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ባለርስቱ ከብቱን ይዞ እንዳይገባ የተከለከለበት አገር ለማዕድን ቆፋሪ ተፈቀደ።

በ2003 ጉዳዩ ድንበር ተሻገረ። የናኩሩ ፍርድ ካልተቃና በናይሮቢ የጸደቀው ቻርተር አለ፤ ኬንያም በ1992 ተቀብላዋለች፤ የቻርተሩ ጠባቂ የሆነው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ባንጁል፣ ጋምቢያ ተቀምጧል። የኤንዶሮይስ ደኅንነት ምክር ቤት፣ ናይሮቢ ካለው ለአናሳዎች መብት ከሚሟገተው ሴሚራይድና ለንደን ካለው ማይኖሪቲ ራይትስ ግሩፕ ጋር ሆኖ አቤቱታውን አስገባ። ከጠበቆቹ አንዱ ኮሪር ሲንግኦይ የሚባል ወጣት ኬንያዊ ነበር። የመዝገቡ ቁጥር 276/2003 ነው።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ምን ተባለ መሰላችሁ? የመጀመሪያው ሙግት «ኤንዶሮይስ የሚባል ሕዝብ የለም» የሚል ነበር። መንግሥት፣ እነዚህ ቱገን ከሚባለው ትልቅ ነገድ ናቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ አይደሉም አለ። ቀጥሎም ከመካከላቸው እርሻ የጀመሩ፣ የተማሩ አሉ፤ ዘመናዊ ኑሮ ውስጥ ገብተዋል፤ ታዲያ ምን የተለየ ነገር አላቸው? አለ። ይህን ሙግት ስታስቡት ይጨንቃል። ልጅህን ትምህርት ቤት ከላክህ ርስትህን ታጣለህ እንደማለት እኮ ነው። ሳይማር ቢቀር ኋላ ቀር ይባላል፤ ቢማር ነባር ሕዝብ አይደለህም ይባላል።

ሁለተኛው ሙግት የልማት ነበር። መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በነጻ አድርጌአለሁ፣ ለደረቅ አካባቢዎች ድጋፍ አደርጋለሁ፣ ኤንዶሮይስም እንደማንኛውም ዜጋ ይጠቀማል አለ። ማኅበረሰቦች ለራሳቸው ብቻ ማሰብ የለባቸውም፣ ለአገር ጥቅም አስተዋጽኦ ማድረግ አለባቸው አለ። ጥብቅ ክልሉም የአገር ሀብት ነው፤ አራዊቱን ለመጠበቅ ነው። ይህ ሙግት ቀላል አይደለም፤ በቅን ልቦና የሚያምኑበት ብዙ ሰዎች አሉ። አገር ፓርክ ያስፈልጋታል፤ ፍላሚንጎውም ይጠበቅ ዘንድ ይገባዋል። ግን እስቲ እንጠይቅ፦ ጥብቅ ክልሉ በ1973 ሲከለል ሐይቁን እንደዚያ ንጹሕ አድርጎ፣ ወፉንም ጫካውንም ሳይነካ ያቆየው ማን ነበር? ቦታው ለመጠበቅ የሚያሳሳ ሆኖ የተገኘው በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው።

ኤንዶሮይሶች ያቀረቡት ማስረጃ ምን ነበር? ወረቀት የላቸውም። ያቀረቡት ያንን መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነው። ዶሪዮስን፣ የሰመጠውን መንደር፣ የሚቀላውን ውሃ፣ ሥርዓቱ የሚፈጸምበትን ዳርቻ፣ ከሐይቅ ወደ ጫካ ከጫካ ወደ ሐይቅ የሚሄደውን የከብት መንገድ። ሽማግሌ የሚያወራው፣ አሮጊት ለልጅ ልጇ የምትነግረው ነገር የሕግ መዝገብ ውስጥ ገባ።

በኖቬምበር 2009 ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሰጠ። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ እዚህ እኛው ዘንድ፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ ቀርቦ ጸደቀና ይፋ ሆነ። በዚያ ሳምንት በከተማችን መንገድ ሲዘጋና የመሪዎች አጀብ ሲያልፍ ያየን ሁሉ ከሚያልፉት ሰነዶች አንዱ የአንድ ኬንያዊ እረኛ ማኅበረሰብ ርስት መሆኑን አናውቅም ነበር።

ውሳኔው ምን አለ? ኤንዶሮይሶች ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ናቸው፣ ነባር ሕዝብም ናቸው አለ። አንድ ነባር ሕዝብ መሬቱን በወጉ ይዞ መኖሩ መንግሥት ከሚሰጠው የባለቤትነት ደብተር ጋር እኩል ነው አለ፤ መንግሥትም እንዲያውቅለትና እንዲመዘግብለት የመጠየቅ መብት አለው። ሳይወድ ተገዶ የወጣ ሕዝብ ደብተር ባይኖረውም እንኳ ባለቤትነቱ አብሮት አለ እንጂ አልጠፋም። ሐይቁ ዳር መጸለይ ጥብቅ ክልሉን የሚጎዳበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ የእምነት መብታቸው ተጥሷል። የ3,150ውን ሽልንግ ነገር ሲያነሣ ኮሚሽኑ ለአያት ርስት ይህን መክፈል ከማስተዋልም ከፍትሕም ጋር የሚጋጭ ነው አለ። ስለ ልማትም የተናገረው አለ፦ ልማት ማለት ነገሩ ካለቀ በኋላ ለሕዝቡ ማሳወቅ ወይም የተወሰነ ነገር ማካፈል አይደለም፤ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ሊጠየቅ፣ በባህሉ መሠረት ሊመክርበትና ሊስማማ ይገባዋል። ያ የ1981 ቻርተር ያቋቋመው ኮሚሽን የመልማት መብታቸውም ተጥሷል ብሎ ፈረደ።

ከዚያም መፍትሔውን ዘረዘረ። ኬንያ የኤንዶሮይስን ባለቤትነት አውቃ የአያቶቻቸውን መሬት ትመልስ። ለሥርዓታቸውና ለከብቶቻቸው ወደ ሐይቁና ወደ ዙሪያው ያለ ገደብ ይግቡ። ለጠፋባቸው ሁሉ ካሳ ይከፈላቸው። ከሚገኘው ገቢ ድርሻ ይሰጣቸው፣ በሥራውም ይጠቀሙ። ማኅበራቸው ይመዝገብ። ይህንም እንዴት እንደምትፈጽም ኬንያ በሦስት ወር ውስጥ ታሳውቅ።

ሦስት ወር ነው ያለው። ይህንንም ያዙት።

ወሬው ባሪንጎ ሲደርስ ሐይቁ ዳር ትልቅ በዓል ሆነ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ። ከከብቱ ጋር ከዚያ ቦታ የተባረረ ጎልማሳ አሁን ሽማግሌ ሆኖ ተመለሰ፤ እዚያ ተመርቆ የማያውቅ ወጣት በአያቶቹ ዳርቻ ቆመ። የኬንያ የመሬት ሚኒስትር ጄምስ ኦሬንጎ ራሳቸው ተገኝተው መንግሥት ውሳኔውን እንደሚያከብር ለሕዝቡ ተናገሩ። በዚያው ዓመት በኦገስት ኬንያ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጀች፤ የማኅበረሰብ መሬት የሚባል ራሱን የቻለ የባለቤትነት ዓይነት እውቅና አገኘ። ያን ጊዜ ማን ይጠራጠራል?

ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። በ2011 ቦጎሪያ ከናኩሩና ከኤልመንቴይታ ሐይቆች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ለኬንያ ክብር ነው፤ እንኳን ደስ ያላት። ግን ኤንዶሮይሶችን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ የአፍሪካው ኮሚሽን ራሱ ይህን ተቃውሞ መግለጫ አወጣ። ውሳኔው ከጸደቀ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ማለት ነው። በ2014 መንግሥት ውሳኔውን እንዴት እንፈጽም የሚል ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ ከአባላቱ አንድም ኤንዶሮይስ አልነበረበትም። የተሰጠው አንድ ዓመት አልቆ ተበተነ።

ምንም አልተደረገም ብዬ ግን አልዋሽም። ማኅበራቸው ታውቆ ይሠራል። ለሥርዓታቸው ወደ ሐይቁ መግባት እንደ ድሮው አይከለከሉም። የባሪንጎ ካውንቲ ከጥብቅ ክልሉ ገቢ 10 በመቶውን ለማኅበረሰቡ ለመስጠት ተስማምቷል፤ ከዚያ ላይ ልጆች ትምህርት ቤት ይከፈልላቸዋል። ልጅ መማሩ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በ1973 የተነገራቸው 25 ነበር፤ ለዚያውም የመሬቱ ባለቤት ሆኖ ከሌላው ጋር የሚካፈል ሰውና ባለቤቱ ነኝ የሚለው አካል ሲመቸው የሚቆርጥለት ሰው እኩል አይተማመኑም። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቀነሰው ይኸው ነው። ሰውዬውን በእርግጠኝነት የሚያኖረው ደብተሩ ነው።

ወጣቱ ጠበቃ ኮሪር ሲንግኦይም በመንግሥት ሥራ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ከ2022 ጀምሮ በኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆኗል። በባንጁል የተከራከረለትን ነገር ከእሱ ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቅ የመንግሥት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የኤንዶሮይስ ፍርድ ለሌሎችም መንገድ ጠረገ። እዚያው ኬንያ ውስጥ በማው ጫካ የሚኖሩ፣ በማርና በአደን የሚታወቁ ኦጊዬክ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ጉዳያቸው አሩሻ ላለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ቀረበ። በሜይ 2017 ረቱ። በጁን 2022 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ኬንያ 57,850,000 ሽልንግ ለጠፋባቸው ንብረት፣ 100,000,000 ሽልንግ ለደረሰባቸው የሞራል ጉዳት እንድትከፍል፣ መሬቱንም በጋራ ስማቸው እንድትመዘግብላቸው አዘዘ። በኖቬምበር 2023 ግን የመንግሥት ጠባቂዎች ማው ጫካ ገብተው የኦጊዬኮችን ቤት እያፈረሱ ሰው አስወጡ። የተረቱት ገቡ፤ የረቱት ወጡ። ምክንያቱ አሁንም ተፈጥሮን መጠበቅ ነው ተባለ።

ቦጎሪያም ራሱ ተለውጧል። ከ2010 ወዲህ የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እየሞሉ ዳርቻቸውን ዋጡ፤ የጥብቅ ክልሉ መንገድና ፍልውሃዎቹ ሳይቀሩ ውሃ ገባባቸው፤ በዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ላይ ሸሹ። ወደ የት ይሽሹ? ምድሩ የማን እንደሆነ ባልተወሰነበት ቦታ፣ ውሃ የገፋው ሰው ለምትክ ቦታ ማመልከቻ የሚጽፈው ለማን ነው? ደብተር ያለው ጎረቤት ጠፋብኝ ብሎ ካሳ ይጠይቃል፤ ደብተር የሌለው ግን መጀመሪያ የእኔ ነበረ ብሎ እንዲያስረዳ ይገደዳል፤ በባንጁል ያስረዳው አልበቃም ተብሎ።

አዲሱ ሕገ መንግሥት የአያት መሬትን የማኅበረሰብ መሬት ይለዋል። እስኪመዘገብ ድረስ ግን ያልተመዘገበ የማኅበረሰብ መሬት የሚያዘው በካውንቲው መንግሥት ነው ይላል፤ ለማኅበረሰቡ ጥቅም፣ በአደራ። የዱር አራዊት ጥብቅ ክልልን ደግሞ ከሕዝብ መሬት፣ ማለትም ከመንግሥት ይዞታ ይቆጥረዋል። ኤንዶሮይሶች በእነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ቆመዋል። በ1973 የወጣው የጋዜጣ ማስታወቂያ አልተሻረም። ሕግ አውጪው ወይም ሚኒስትሩ ያንን ማስታወቂያ ሽሮ ድንበሩን ከሽማግሌዎቹ ጋር ዞሮ ለክቶ በማኅበረሰቡ ስም ቢመዘግበው፣ ፍላሚንጎው የትም አይሄድም፤ ጎብኚውም መምጣቱን አይተውም፤ በሩ ላይ የሚቀበለው ሰው ብቻ ይለወጣል።

የኤንዶሮይስ ተወካዮች ከኮሚሽኑ ጋር መጻጻፋቸውን፣ ጉባኤውም ሲሰበሰብ ቀርበው ምን እንደተፈጸመና ምን እንደቀረ መናገራቸውን አላቋረጡም። ውሳኔው ከጸደቀ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ኬንያ አፈጻጸሟን እንድታሳውቅ የተሰጣት ሦስት ወር ነበር። ከተዘረዘሩት መፍትሔዎች በመጀመሪያው ቁጥር ላይ የተጻፈው የመሬቱ መመለስ ነው፤ እሱ እስካሁን አልተፈጸመም።